የጥንቷን ህንድ ታሪክ እንደገና የሚያነቡት እነማን ናቸው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጥንታዊት ህንድ ዛሬ በመማሪያ መጽሐፍ የምናገኘው አብዛኛው ነገር የታወቀው ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ ነው። ያውም ገና እየተከለሰ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ወሬ በተነሣ ቁጥር ሰው የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ህንድ ታሪኳን ረስታ ነበር ማለት ነው?

አልረሳችም። የነገሥታት ዝርዝር ፑራና በሚባሉት መጻሕፍት ውስጥ አለ። የካሽሚሩ ካልሃና በ12ኛው ክፍለ ዘመን የአገሩን ነገሥታት ታሪክ በግጥም ጽፏል። የስሪላንካ የቡድሃ መነኮሳትና ጄይን የሚባለው የህንድ ሃይማኖት ተከታዮችም በየገዳማቸው ብዙ ነገር ጠብቀዋል። የጠፋው የአንዳንዱ ፊደል ንባብ ነው። ድንጋዩ ቆሟል፣ ጽሑፉ ይታያል፤ የሚያነበው ሰው ግን አልቋል።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን የዴልሂው ሱልጣን ፊሩዝ ሻህ ቱግሉቅ ቶፕራ በምትባል መንደር ወጥ የሆነ የድንጋይ ዓምድ አይቶ ልቡ ተነሣሣ። በጥጥና በቆዳ አስጠቀለለው፣ 42 ጎማ ባለው ጋሪ አስጎተተው፣ ያሙና ወንዝ ላይ በጀልባ አስጫነውና ዴልሂ አስገባው። ከዚያ ሊቃውንቱን ጠርቶ "ምን ይላል?" አላቸው። ማንም ማንበብ አልቻለም። የዘመኑ ጸሐፊ እንደሚተርከው ግን አንዳንዶቹ "ፊሩዝ የሚባል ንጉሥ እስኪነሣ ድረስ ይህን ዓምድ ማንም ከቦታው አያነቃንቀውም ይላል" ብለው ነገሩት። ንጉሥ ፊት ቆሞ "አላውቅም" ማለት ለማንም ይከብዳል። ዓምዱ ዛሬም ፊሩዝ ሻህ ኮትላ በሚባለው ፍርስራሽ ላይ ቆሞ ይታያል፣ ስለ ፊሩዝ ግን አንድም ቃል የለበትም።

ታዲያ ማን አነበበው?

ጄምስ ፕሪንሴፕ ይባላል። ሥራው ካልካታ በሚገኘው የሳንቲም ማምረቻ ቤት የወርቅና የብር ጥራት መመርመር ነበር። ቀን ቀን ሚዛንና ከሰል፣ ማታ ማታ አሮጌ ሳንቲምና የድንጋይ ጽሑፍ ግልባጭ።

በ1837 ኤድዋርድ ስሚዝ የሚባል የጦር መሐንዲስ በማዕከላዊ ህንድ ካለው የሳንቺ ስቱፓ (የቡድሃ እምነት ጉልላታማ መቅደስ) አጥር ላይ የገለበጣቸውን፣ በዚያው በዓምዱ ፊደል የተጻፉ አጫጭር ጽሑፎች ላከለት። ፕሪንሴፕ ግልባጮቹን ለኅትመት ሲደረድር አንድ ነገር ዓይኑን ያዘው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል የሚያልቁት በተመሳሳይ ቃል ነው። በየድንጋዩ ለብቻው የተቀረጸ አጭር ጽሑፍ የረጅም ታሪክ ቁራጭ ሊሆን አይችልም። ምን ሊሆን ይችላል? ፕሪንሴፕ በዘመኑ የነበሩ ምእመናን ለቤተ መቅደስ ስጦታ ሲያገቡ ስማቸውን እንደሚያስቀርጹ ያውቅ ነበር። እኛስ ብንሆን ለቤተ ክርስቲያን የገባ ምንጣፍ ጫፍ ላይ "የእገሊት ስእለት" የሚል አናይም?

በጥንታዊው የህንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ስጦታ "ዳነም" ነው። ከዚህ ቃል በፊት ደግሞ አንድ ሌላ ፊደል እየተመላለሰ ይመጣል። ፕሪንሴፕ ከሌሎች ሳንቲሞች ላይ "ሰ" መሆኑንና እንደ እኛ "የ" ባለቤትን እንደሚያመለክት አስቀድሞ ደርሶበታል። ስለዚህ ጽሑፉ በሙሉ "የእገሌ ስጦታ" ነው ማለት ነው። ዳ፣ ነ፣ ም ተገኙ። ሌሎቹ ፊደሎች ተከታትለው ተፈቱ።

እዚህ ላይ ሀሁ ቆጥሮ ያደገ ሰው ከአውሮፓዊ አንባቢ ይልቅ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ብራህሚ የሚባለው ይህ ፊደል ልክ እንደ ግእዝ አንድ መሠረታዊ ቅርጽ ይይዝና ጭረት እየጨመረ አናባቢውን ይለውጣል። "ደ" ላይ ወደ ቀኝ ጭረት ሲወጣለት "ዳ" ይሆናል፤ ጭረቱ ከእግሩ ከወረደ ደግሞ "ዱ"። በ"ዳነም" መጨረሻ ላይ ያለው የ"ም" ድምፅ ግን ነጥብ ብቻ ነው።

ለፍትሕ ሲባል ክርስቲያን ላሰን የሚባል ሊቅ ከአንድ ዓመት በፊት አጋቶክሊስ የተባለ ግሪካዊ ንጉሥ ካሳተመው ባለ ሁለት ቋንቋ ሳንቲም ላይ ጥቂት ፊደላት ለይቶ እንደነበር መጠቀስ አለበት። ፕሪንሴፕ በሕመም አገሩ ተመልሶ በ1840 በ40 ዓመቱ ሞተ።

ጽሑፎቹ ሲነበቡ ማን ሆኖ ተገኘ?

ራሱን "ዴቫናምፒያ ፒያዳሲ" ብሎ የሚጠራ ንጉሥ። በግርድፉ "የአማልክት ወዳጅ፣ በመልካም ዓይን የሚያይ" ማለት ነው። ችግሩ በነገሥታቱ ዝርዝር ውስጥ እንዲህ የሚባል ሰው አለመኖሩ ነው። መልሱ የመጣው ከስሪላንካ ነው። ጆርጅ ተርኖር የተባለ የቅኝ አስተዳደር ሹም በፓሊ ቋንቋ የተጻፈ የገዳም ዜና መዋዕል ሲያገላብጥ ፒያዳሲ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛውን ህንድ የገዛው የንጉሥ አሾካ ሌላ ስሙ መሆኑን በዚያው ዓመት አገኘ። በ1915 ደግሞ ማስኪ በተባለ የደቡብ ህንድ ቦታ ወርቅ ይፈልግ የነበረ መሐንዲስ "አሾካ" የሚለው ስም ራሱ የተቀረጸበት ቋጥኝ ላይ ደረሰ። ነገሩ እዚያ ላይ ተቋጨ።

ንባቡ ተቋጨ እንጂ ትርጉሙ አልተቋጨም። በቋጥኝ ላይ ካስቀረጻቸው አዋጆች በ13ኛው አሾካ በምሥራቅ ህንድ ያለችውን ካሊንጋን ሲወጋ 150,000 ሰው መጋዙን፣ 100,000 መገደሉን፣ የዚያ ብዙ እጥፍም ማለቁን ይናገርና ጸጸቱን ይገልጻል። በዓለም ላይ ድል ያደረገ ንጉሥ ድንጋይ ላይ "ተጸጸትኩ" ብሎ ያስቀረጸበት ቦታ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ አሾካ እንደ ጻድቅ ተነበበ። ቀጥለው የመጡት ሊቃውንት ግን የተጻፈበትን ቦታ ማየት ጀመሩ። ራሷ ካሊንጋ ውስጥ፣ ዳውሊና ጃውጋዳ በሚባሉት ቋጥኞች ላይ፣ ይህ አዋጅ የለም! ተዘልሎ በምትኩ ሌላ ተቀርጿል። የተወጉት ሰዎች ጸጸቱን በድንጋያቸው ላይ አላነበቡትም። በዚያው አዋጅ ውስጥ ደግሞ ለጫካው ሕዝብ "ብጸጸትም የመቅጣት ኃይል አለኝ" የሚል ማስጠንቀቂያ ገብቷል።

ህንዳዊቷ የታሪክ ምሁር ሮሚላ ታፓር በ1961 ባሳተመችው ጥናት የአሾካን የምግባር ትምህርት፣ "ዳማ" የግል ጽድቅ ብቻ አድርጋ አላየችውም፤ ቋንቋውና ሃይማኖቱ የተለያየ ግዛት አንድ ላይ ለማቆየት የታሰበ ፖሊሲ ጭምር አድርጋ ተረጎመችው። ግዛቱ ምን ያህል የተለያየ እንደነበር ለማወቅ በ1958 አፍጋኒስታን ካንዳሃር የተገኘውን አዋጁን ማየት ይበቃል፤ በግሪክኛና በአራማይክ ነው የተጻፈው። አራማይክ ደግሞ የግእዝ የሥጋ ዘመድ ነች።

ይህን ሁሉ ያገኙት እንግሊዞች ብቻ ናቸው?

እንግሊዞቹ የጻፉትን ብቻ ያነበበ እንደዚያ ሊመስለው ይችላል። ዊሊያም ጆንስ በ1784 ካልካታ ላይ የእስያ ማኅበርን ሲመሠርት ሳንስክሪት የሚያስተምሩት ፓንዲት የሚባሉት የአገሬው ሊቃውንት ነበሩ። ፕሪንሴፕም ያለ ፓንዲቱ ካማላካንታ የድንጋዩን ድምፅ እንጂ ትርጉሙን አያገኝም ነበር። በኋላ ባጓንላል ኢንድራጂና ራጄንድራላል ሚትራ በራሳቸው ስም የሚጠቀሱ ሊቃውንት ሆነዋል።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን የማይሶሩን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የሻማሻስትሪን ታሪክ ነው። በ1905 አንድ ፓንዲት ያመጣው የዘንባባ ቅጠል ጽሑፍ እጁ ገባ። ስሙ ብቻ ሲወራ የኖረው፣ መንግሥት እንዴት እንደሚመራ፣ ቀረጥ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ሰላይ እንዴት እንደሚሰማራ የሚዘረዝረው አርታሻስትራ ነበር። በ1909 አሳተመው። የአንድ ሚኒስትር የእጅ ሥራ ነው ሲባል ኖሮ በ1971 ቶማስ ትራውትማን እንደ "እና" ያሉ ትንንሽ ቃላት ምን ያህል ጊዜ እንደሚደጋገሙ ቆጥሮ ከአንድ በላይ ጸሐፊ እንዳለው አሳየ። ጸሐፊ ትልልቁን ቃል እየመረጠ ይጽፋል፣ ትንንሹን ግን ሳያስበው ነው የሚጽፈው።

ሃራፓና ሞሄንጆ ዳሮ ያህል ከተሞች እንዴት ሳይታወቁ ቀሩ?

ታይተዋል፣ ግን አልታወቁም። ሁለቱም ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ያሉ የጥንታዊው የኢንደስ ሸለቆ ስልጣኔ ከተሞች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የላሆርና የሙልታንን የባቡር ሐዲድ የዘረጉ ተቋራጮች የሃራፓን ጡብ እየዛቁ ከሐዲዱ ሥር ደለደሉት። 160 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሐዲድ ከ4,000 ዓመት በላይ በቆየ ጡብ ላይ ተኝቷል። የህንድ አርኪዮሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤትን በ1861 የመሠረተው አሌክሳንደር ካኒንግሃም ቦታውን አይቶታል፣ በ1875 አንድ ማኅተምም አሳትሟል። ግን የቻይና ተሳላሚዎችን መጽሐፍ ይዞ የቡድሃን ሥፍራዎች ነበርና የሚፈልገው፣ ማኅተሙን "የባዕድ አገር ነው" ብሎ አለፈው።

ዳያ ራም ሳህኒ በ1921 ሃራፓን፣ ራካልዳስ ባነርጂ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ሞሄንጆ ዳሮን መቆፈር ጀመሩ። በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀው የቆፈሩት ማኅተም አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። አለቃቸው ጆን ማርሻል በመስከረም 1924 ለዓለም አወጀው። የህንድ ታሪክ በአንድ ቀን ከሁለት ሺህ ዓመት ያላነሰ ወደ ኋላ ሄደ።

የዚህን ስልጣኔ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ማንበብ ያቃተው ለምንድን ነው?

ፕሪንሴፕን የረዳው ነገር ሁሉ እዚህ የለም። ቋንቋው አይታወቅም። ባለ ሁለት ቋንቋ ጽሑፍ አልተገኘም። ጽሑፎቹም በአማካይ አምስት ምልክት ብቻ ናቸው። የአምስት ፊደል ጽሑፍ የሰው ስም ይሁን፣ የዕቃ መጠን ይሁን፣ የቤተሰብ ምልክት ይሁን በምን ይለያል?

ኢራቫታም ማሃዴቫን 417 ምልክቶችን ለይቶ መዝግቧል። እሱና ፊንላንዳዊው አስኮ ፓርፖላ ቋንቋው በደቡብ ህንድ የሚነገረው የታሚል ቋንቋ ዘመድ ነው ባይ ናቸው። በ2004 ደግሞ ሦስት ተመራማሪዎች "ጭራሹን ጽሑፍ አይደለም፣ ምልክት ብቻ ነው" ብለው ሁሉንም አስቆጡ። በጥር 2025 የደቡብ ህንዷ ክፍለ ግዛት የታሚል ናዱ ዋና ሚኒስትር ላነበበው 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጡ አስታወቁ።

"ፈታሁት" የሚል ሰው በየጊዜው ይነሣል፤ ጥንቃቄ ያሻል። በ2000 የታተመ አንድ መጽሐፍ የፈረስ ማኅተም ተገኘ ብሎ ሥዕሉን አውጥቶ ነበር። ፈረስ ትልቅ ነገር ነው፤ ቬዳ የሚባሉት ጥንታዊ መዝሙሮች በፈረስ የተሞሉ ሲሆኑ ማኅተሞቹ ላይ ግን በሬና ዝሆን እንጂ ፈረስ አይታይም። ሲጣራ "ፈረሱ" የተሰበረ የባለ አንድ ቀንድ ኮርማ ማኅተም በኮምፒዩተር ደብዝዞ የወጣ ምስል ሆነ።

አርያኖች ህንድን ወርረዋል ወይስ አልወረሩም?

ድምፅ የሚያስነሣው ጥያቄ ይህ ነው። አርያን የሚባሉት ሳንስክሪትንና ቬዳን ይዘው ወደ ህንድ ገቡ የሚባሉት ሰዎች ናቸው። መነሻው ቋንቋ ነው። ዊሊያም ጆንስ በ1786 ሳንስክሪት፣ ግሪክኛና ላቲን ከአንድ ምንጭ የተቀዱ መሆን አለባቸው አለ። ይህ እስከ ዛሬ ጸንቷል። ስህተቱ የመጣው የቋንቋውን ዝምድና ወደ ዘር፣ ዘሩን ወደ ጦር ሠራዊት ሲለውጡት ነው። አርኪዮሎጂስቱ ሞርቲመር ዊለር በ1940ዎቹ ሞሄንጆ ዳሮ መንገድ ላይ የተገኙትን አጽሞች አይቶ ተከሳሹ የቬዳው አምላክ ኢንድራ ነው አለ። በ1964 ጆርጅ ዴልስ መዝገቡን እንደገና ሲመረምር አጽሞቹ የአንድ ዘመን አልነበሩም፣ የጦር መሣሪያም ሆነ የተቃጠለ ግንብ አብሮ አልተገኘም። ጭፍጨፋው ፈረሰ።

የሚገርመው አንዱን ሐሳብ ስንቱ ለስንት ነገር እንደተጠቀመበት ነው። እንግሊዞች "እኛም እንደ ቀደሙት መጥተናል" ለማለት ተመቻቸው። የዝቅተኛ መደቦች ተቆርቋሪ የነበረው ጆቲራው ፑሌ ገልብጦ "እንግዲያው ወራሪዎቹ ብራህሚኖች፣ የካህናቱ መደብ፣ ናቸው" አለ። የነጻነት ታጋዩ ቲላክ የአርያኖችን አገር እስከ ሰሜን ዋልታ አደረሰው። የህንድ ሕገ መንግሥት አርቃቂው አምቤድካር ደግሞ የዘር ትምህርቱን ጨርሶ አልተቀበለውም።

በ2019 ሁለት የዲኤንኤ ጥናቶች አብረው ወጡ። አንደኛው ከዴልሂ ሰሜን ምዕራብ ካለችው የኢንደስ ስልጣኔ ከተማ ከራኪጋርሂ ነው። ከ60 በላይ ናሙና ተሞክሮ ውጤት የሰጠው የአንዲት ሴት አጽም ብቻ ነበር። የመካከለኛው እስያ የሣር ሜዳ እረኞች ዝርያ አልተገኘባትም። ሁለተኛው የ523 ጥንታዊ ሰዎችን ዲኤንኤ መርምሮ ያ ዝርያ ወደ ህንድ የገባው በግምት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2000 እስከ 1500 ባለው ጊዜ፣ ከተሞቹ ከተዳከሙ በኋላ መሆኑን አሳየ። በማግስቱ ጋዜጦቹ "አርያን የሚባል አልመጣም" ብለው ጻፉ። ጥናቶቹ ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን እንደዚያ አይሉም። እኔ እንደማየው የወረራው ትረካ ወድቋል፣ "ማንም ከውጭ አልመጣም" የሚለውም አልቆመም። ሰዎች መጥተዋል፣ በትውልዶች ውስጥ፣ ከብታቸውንና ቋንቋቸውን ይዘው።

የታሪክ ትምህርት ያልተማረ ሰው ታሪክን እንዴት ሊለውጥ ይችላል?

ስለ ኮሳምቢ ነው የምትጠይቁት። ዳሞዳር ኮሳምቢ (1907–1966) የሒሳብ ሊቅ ነበር፣ ከፑኔ ቦምቤይ በባቡር እየተመላለሰ ይሠራ ነበር። ጥንታዊዎቹ የህንድ የብር ሳንቲሞች የንጉሥ ስምም ዓመትም የለባቸውም፤ ምልክት ብቻ ተመትቶባቸዋል። ኮሳምቢ "ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያልቃል" ብሎ ጀመረ። ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ካለችው ጥንታዊ ከተማ ከታክሲላ የተገኙትን በሺህ የሚቆጠሩ ሳንቲሞች አንድ በአንድ መዘነ። ከጀርባቸው ያሉት ትንንሽ የመርማሪ ምልክቶች በበዙ ቁጥር የሳንቲሙ ክብደት ይቀንሳል። ምልክቱ ሳንቲሙ በገበያ የቆየበት ጊዜ ቆጣሪ ሆነ፤ የትኛው ቀድሞ የትኛው ዘግይቶ እንደወጣ መደርደር ተቻለ። ከፕሪንሴፕ መቶ ዓመት በኋላ፣ ያው ሚዛን።

የእረፍት ቀኑን ደግሞ ፑኔ ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎች በእግሩ እየዞረ የመንደር አማልክት የቆሙባቸውን ቦታዎች ይመዘግብ ነበር። ብዙዎቹ የጥንት መንገዶች መገናኛ ላይ ሆነው አገኛቸው። ማርክሳዊ ነበርና ድምዳሜዎቹ ሁሉ አልጸኑም፤ እሱ ካሳየው በኋላ ግን የነገሥታት ዝርዝር ብቻ ጽፎ "ታሪክ ጻፍኩ" ማለት አስቸጋሪ ሆነ።

ፖለቲካ ምን ያህል ገብቶበታል?

እስከ አንገቱ። ለአብነት በ2024 የወጣው የ6ኛ ክፍል መጽሐፍ የኢንደስን ስልጣኔ "ኢንደስ ሳራስዋቲ" እያለም ይጠራዋል። ሳራስዋቲ በቬዳ የተወደሰች ወንዝ ናት፤ ብዙዎች ጋጋር ሃክራ የምትባለው ደረቅ ሸለቆ ናት ይላሉ። በ2017 የታተመ የደለል ጥናት ታላቁ የሱትሌጅ ወንዝ ያንን ሸለቆ ከከተሞቹ ሺህ ዓመታት አስቀድሞ ትቶት እንደሄደ አሳይቷል። ሰዎቹ የሰፈሩት ወንዙ በተወው መሬት ላይ ነው።

ደቡቡም የራሱ አለው። ማዱራይ አጠገብ ያለችው ኪላዲ ከ2014 ጀምሮ እየተቆፈረች ነው። በ2019 የታሚል ናዱ መንግሥት ከክርስቶስ ልደት በፊት 580 የሚል የካርቦን ዕድሜ ሲያወጣ ታሚሎች ጨፈሩ። በ2025 የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን ቆፋሪ ዘገባህን አሻሽል ብሎት አሻፈረኝ አለ። በዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ መካከል እኔን የሚስበኝ ሸክላዎቹ ናቸው። "ኩቪራን አዳን" የሚል ስም የተጫረበት የተሰበረ ድስት አለ። ዘመኑ ቢቀድምም ቢዘገይም፣ አንድ ሰው ዕቃዬ እንዳይጠፋብኝ ብሎ ስሙን የሚጽፍበት ከተማ ነበር።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ፣ ያውም የወርቅ። በ1940 ደብረ ዳሞ ላይ ከ100 በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ኩሻኖች ሰሜን ህንድንና አፍጋኒስታንን የገዙ ናቸው። የማን ልጅ ማን እንደሆነ ሲያከራክር ኖሮ በ1993 አፍጋኒስታን ራባታክ ላይ የተገኘ ድንጋይ ንጉሥ ካኒሽካ አያት ቅድመ አያቱን ቆጥሮ ስላስቀረጸ ክርክሩ በአብዛኛው ተዘጋ። የደብረ ዳሞው ወርቅም ወላጆቹን አገኘ።

በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የግሪክ የመርከበኛ መመሪያ ከህንድ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ወደ አዱሊስ እንደሚገባ ይመዘግባል። ሶቆጥራ ደሴት ላይ ሆቅ በሚባለው ዋሻ ውስጥ ደግሞ መርከበኞች ስማቸውን ጽፈው ሄደዋል፤ አብዛኛው በብራህሚ፣ ጥቂቱ በእኛው ፊደል። የግእዝ አናባቢ ምልክቶች ከህንድ ተወስደዋል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። አሠራሩ መመሳሰሉ አይካድም፤ ተወሰደ የሚያሰኝ ማስረጃ ግን አላየሁም።

በዓይኔ ማየት ብፈልግ የት ልሂድ?

ሳንቺ። ከቦፓል የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ነው። ሰው ሁሉ በሮቹን ፎቶ ያነሣል፤ እናንተ ግን ጎንበስ ብላችሁ አጥሩን እዩ። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ፀሐይ በሰያፍ ስትመታው ጥልቀት የሌለው ጽሑፍ ይወጣል። ሰጪዎቹ መነኮሳይያት፣ ነጋዴዎች፣ የቤት እመቤቶች ናቸው። ደቡብ በር ላይ የቪዲሻ የዝሆን ጥርስ ጠራቢዎች ቅርጹን ራሳቸው እንደሠሩት አስጽፈዋል። ብራህሚ ባታውቁም የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደሎች ፈልጉ፤ ጭረት የወጣለት ደ፣ ቀጥሎ የተገለበጠ "ቲ" የሚመስል ነ፣ አጠገቡ ነጥብ።